የኩበቱ ክምር

«ምርጥ» የተባለው የእንጀራ ምድጃ በተነሳ ቁጥር ወሬው ስለ ደን ነው። በጋይንት፣ በነፋስ መውጫ ዙሪያ ዓይኔ የሚያርፈው ግን በየደጁ ባለው የኩበት ክምር ላይ ነው፤ ሴቶቹ የጠፈጠፉበት የጣት አሻራ ሳይቀር ደርቆ ይታያል። የአካባቢው የገብስ ማሳ ፍግ እየተራበ፣ ፍጉ ከምጣድ ሥር ይነዳል። ከሲሚንቶና ከእሳተ ገሞራ ጠጠር የሚሠራው ምርጥ ምድጃ በሦስት ጉልቻ ከሚነደው ማገዶ ግማሽ ያህሉን ያተርፋል፤ ከኋላው በሚወጣው ትኩሳትም ወጥ ይጣድበታል። ለእኔ ትልቁ ትርፍ ግን ማሳ የሚገባው ኩበት ነው። በዩሪያ ዋጋ ሲያማርር የሚውል አባወራ (ለጣሪያ ቆርቆሮ ሲሆን አያመነታም) ለምድጃ ሲባል ኪሱ ለምን እንደሚጠብ አይገባኝም። የሚስቱ ዓይን በጭስ መቅላቱ ካላሳሰበው፣ ቢያንስ ምድጃውን ከማዳበሪያው ሂሳብ ላይ ይደምረው።