የቢስክሌት መንገድና የሙታን ስም

ሰው አገር የሚጐበኝበት መንገድ ብዙ ነው። በአውሮፕላን የሚበር መንገደኛ ደመናውን አይቶ ይመለሳል፤ በአውቶሞቢል የሚከንፍ ሰው አንዱን ከተማ ከሌላው ለይቶ ቢያውቅም በመካከሉ ያለውን ምድር አያውቀውም፤ በእግሩ የሚሄደው ደግሞ ሁሉን ቢያይ እንኳ ሩቅ ሳይደርስ ይመሽበታል። ቢስክሌት በነዚህ መካከል ናት። ባለቤቷ ሲፈልግ ያዘግማል፥ ሲፈልግ ይፈጥናል፤ አንድ ነገር ዐይኑን የሳበው እንደ ሆነ ማንንም ሳያስፈቅድ ወርዶ ይቆማል። ስለዚህ ጥድፊያ የሌለበትን የቢስክሌት ጕዞ የሥራ ፈቶች ጨዋታ ነው ብሎ የሚንቅ ሰው ቢኖር ነገሩን በሚገባ አልመረመረውም ማለት ይቻላል። ይልቁንም ጕዞው ትልቅ ጦርነት ባለፈበት ሜዳ ላይ የሆነ እንደ ሆነ፥ ቢስክሌተኛው የሚያየው ነገር ለአስተዳዳሪውም ለነጋዴውም ትምህርት አለው።

ለዚህ ዋና ምሳሌ የሚሆነው በቤልጅግ አገር በምዕራብ በኩል ያለው የፍላንደርስ ሜዳ ነው። ይህ አገር ከሰሜን ባሕር ጠረፍ ጀምሮ ወደ ውስጥ እንደ ገበታ የተዘረጋ ነው። በባሕሩ አቅራቢያ ያለው መሬት ከውኃ የተነጠቀ በመሆኑ በቦይና በውኃ መዝጊያ ይጠበቃል። መንገደኛው በግራና በቀኝ የሚያየው የከብት መስክና የድንች እርሻ፥ በሩቁም የቤተ ክርስቲያን ጕልላት ነው፤ በፖፐሪንገ ከተማ ዙሪያ ደግሞ ለቢራ የሚሆነው የፈረንጅ ጌሾ በረጃጅም ምሰሶ ላይ ሲወጣ ይታያል። ሽማግሌም ሆነ ልጅ ያለ ድካም ሊሄድበት ይችላል፤ በብዙው ስፍራ ከባሕር ከሚመጣው ነፋስ በቀር የሚታገሉት አቀበት የለም።

ይሁን እንጂ ይህ ጸጥ ያለ ሜዳ ከ1914 እስከ 1918 ዓ.ም. ድረስ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) የብዙ አገር ልጆች የተላለቁበት ስፍራ ነው። በ1914 ዓ.ም. በኦክቶበር ወር የጀርመን ጦር ወደ ባሕሩ ሲገሠግሥ፥ የደከመው የቤልጅግ ጦር በኢዘር ወንዝ ላይ ቆመ። ኀይሉ እያለቀ በሄደ ጊዜ በኒውፖርት የነበሩት የውኃ መዝጊያዎች ባሕሩ በሞላ ሰዓት እንዲከፈቱ፥ በጎደለ ሰዓት እንዲዘጉ ተደረገ። የባሕሩም ውኃ በወንዙና በባቡር ሐዲዱ መካከል ያለውን እርሻ ሁሉ አለበሰው። ከኒውፖርት ወደ ዲክስሙይደ የሚወስደው የሐዲድ ድልድል ከሜዳው ጥቂት ከፍ ያለ ስለ ነበረ የቤልጅግ ወታደር ምሽግ ሆነ፤ ጀርመኖችም በዚያ በኩል ማለፍ ሳይችሉ አራት ዓመት ያህል ቆዩ። ዛሬ ሐዲዱ ተነሥቶ ድልድሉ በአብዛኛው የቢስክሌት መንገድ ሆኗል። በላዩ የሚያዘግም ሰው በአንድ በኩል ያለውን ዝቅተኛ መስክ ሲመለከት፥ አንድ ክንድ ከፍታ ለአንድ መንግሥት ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ሳይነገረው ይገባዋል።

ወደ ኢፕር ከተማ በዞረ ጊዜም ሌላ ነገር ይማራል። ከኢፕር ወደ ፓሸንዳሌ መንደር የሚወስደው መንገድ በአውቶሞቢል ለሚያልፍ ሰው ለጥ ያለ ሜዳ ነው፤ ቢስክሌተኛው ግን ወደ መንደሩ ሲቃረብ ጕልበቱ ይከብደዋል። መሬቱ በጥቂት ዐሥር ሜትር ብቻ ቀስ እያለ ይነሣልና። ከጁላይ 31 እስከ ኖቬምበር 10 ቀን 1917 ዓ.ም. በተደረገው ውጊያ የእንግሊዝ ጦርና ተባባሪዎቹ ሊይዙት የደከሙለት ከፍታ ይህ ነበር። የመድፍ ጥይት የእርሻውን ቦይ ሁሉ ስላፈረሰውና ዝናብ ስለ በዛ ምድሩ ረግረግ ሆኖ ሰውንም ፈረስንም ዋጠ፤ በሁለቱም ወገን የሞቱትና የቈሰሉት ብዙ መቶ ሺሕ ናቸው። የካርታ መስመር ይህን ነገር ለንባብ ያህል ያሳያል፤ የቢስክሌት መርገጫ ግን በእግር ያስተምራል።

የሞቱት ሁሉ የአውሮፓ ልጆች አልነበሩም። አፕሪል 22 ቀን 1915 ዓ.ም. ጀርመኖች በላንገማርክ አጠገብ የመርዝ ጢስ በለቀቁ ጊዜ ከመጀመሪያዎቹ ተጠቂዎች መካከል ከሰሜን አፍሪካ የመጡ የፈረንሳይ ጦር ወታደሮች ነበሩ። የሕንድ ወታደሮችም በኢፕር ዙሪያ ተዋግተዋል፤ የብዙዎቹም ስም በከተማው የሜኒን በር ላይ ከእንግሊዞች ስም ጋራ ተቀርጿል።

ይህ በር በ1927 ዓ.ም. ሲመረቅ መቃብራቸው ያልታወቀ ከ54,000 በላይ የሚሆኑ ሰዎች ስም ተጽፎበት ነበር። በፓሸንዳሌ አቅራቢያ ባለው የታይን ኮት መቃብር 12,000 ያህል ሰዎች ተቀብረዋል፤ ከነሱም ውስጥ ከ8,300 የሚበልጡት ማንነታቸው አልታወቀም። የጀርመኖች መቃብር በሆነው በላንገማርክ ከ44,000 በላይ ወታደሮች ዐርፈዋል። በቭላድስሎ ደግሞ ጀርመናዊቱ የቅርጽ ሠሪ ኬተ ኮልቪትስ የሠራቻቸው ተንበርካኪ አባትና እናት አሉ። ልጇ ፔተር በዐሥራ ስምንት ዓመቱ በ1914 ዓ.ም. በዚያ ሜዳ ሞተ፤ እርሷም ሐውልቶቹን ፈጽማ መቃብሩ አጠገብ ያስቆመቻቸው በ1932 ዓ.ም. ነው። በኋላም መቃብሮቹ ሲዛወሩ ሐውልቶቹ አብረው ወደ ቭላድስሎ መጡ። ጠላት የነበረ የሌላ አገር እናት ኀዘን በቤልጅግ መሬት ላይ በክብር መጠበቁ የሚያስመሰግን ነው።

ታዲያ ይህን በመሰለ ስፍራ እየተዝናኑ በቢስክሌት መሄድ ተገቢ ነውን? ብሎ የሚጠይቅ ሰው አይጠፋም። ጥያቄውም በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ጦርነቱ ካበቃ ስድስት ወር ሳይሞላ በ1919 ዓ.ም. በአፕሪል ወር መጨረሻ፥ ፕቲ ዡርናል የተባለው የፓሪስ ጋዜጣ የጦር ሜዳዎቹን የሚያቋርጥ የቢስክሌት እሽቅድምድም ከስትራስቡርግ አስጀምሮ ነበር። መንገዱ ፈራርሶ፥ ብርዱም በርትቶ ነበርና ብዙዎቹ ተወዳዳሪዎች ሳይፈጽሙ ቀሩ። ሬሳው ሁሉ ገና ተለቅሞ ባልተቀበረበት ምድር ላይ ሰዓት እየቈጠሩ መሽቀዳደም ምን ያህል የተቻኰለ ሐሳብ እንደ ነበረ ዛሬ ለማንም ግልጽ ነው። በዘመናችንም ቢሆን በጦር ሜዳው ስም ቢራ ይጠመቃል፤ ለመታሰቢያ የተመረጠው ቀይ አበባም በቸኮላታ ቅርጽ ይሸጣል።

የሆነ ሆኖ ነውሩ ያለው በቢስክሌቷም ሆነ በደስታው አይደለም፤ ነውሩ በጥድፊያና በመርሳት ነው። ቀስ ብሎ የሚሄድ ሰው በአንድ ቀን ሦስት ወይም አራት መቃብር ያልፋል፤ ከትልቁ መቃብር ይልቅ በእርሻ መካከል ያለችውን ትንሿን፥ ሠላሳ ድንጋይ ብቻ ያለባትን፥ እርሱ ብቻ ያገኛታል። ወርዶ ስም ያነባል፤ ዕድሜ ያሰላል፤ ከዚያም ዝም ብሎ ይሄዳል። ገበሬው ሲያርስ ያወጣውንና የጦር ሠራዊት መጥቶ እስኪወስደው ድረስ በመንገድ ዳር ያስቀመጠውን የዛገ የመድፍ ጥይት አይቶ፥ ጦርነት በፊርማ ቢያበቃም ከመሬት ውስጥ ከመቶ ዓመት በኋላም እንደማይወጣ ያስተውላል። እንዲህ ያለው ደስታ ሙታንን አይሰድብም።

አስተዳዳሪዎች ከዚህ ሊመለከቱት የሚገባው ነገር ሥራው በትልቅ ገንዘብ ብቻ ያልተሠራ መሆኑን ነው። በቤልጅግ ሊምቡርክ አውራጃ የከሰል ማዕድን ጕድጓዶች ከተዘጉ በኋላ፥ ሁጎ ቦለን የተባለ የማዕድን መሐንዲስ ቀላል ዘዴ አሰበ። የቢስክሌት መንገዶች በሚገናኙበት ስፍራ ሁሉ ቍጥር ያለበት ምልክት ይተከላል፤ መንገደኛው የሚያልፍባቸውን ቍጥሮች በወረቀት ጽፎ ከአንዱ ወደ አንዱ ይሄዳል። ቋንቋ አያስፈልገውም፤ መሪም አይቀጥርም። ይህ ሥርዐት በ1995 ዓ.ም. በሊምቡርክ ተጀምሮ መላውን ፍላንደርስ አዳረሰ፤ ወደ ሆላንድና ወደ ጀርመን አገርም ተሻገረ። ምልክቱ ጥቂት ብረትና ቀለም ነው፤ ከባዱ ነገር አንዱ ወረዳ የጀመረውን መንገድ ጎረቤቱ ወረዳ እንዲቀጥለው መስማማት ነው። በኢፕርም ከ1928 ዓ.ም. ጀምሮ በየምሽቱ በሁለት ሰዓት በሜኒን በር ሥር ለሙታን መታሰቢያ መለከት ይነፋል፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከተማው በጀርመን እጅ ሳለ ብቻ ተቋርጦ ነበር። መለከቱ በሚነፋበት ሰዓት መንገዱ ለተሽከርካሪ ይዘጋል። ሥራ የሚበዛበት አንድ ከተማ በየቀኑ ለጥቂት ደቂቃ ለሙታኑ መንገድ መልቀቁ፥ ከብዙ ሐውልት የሚበልጥ የአስተዳደር ሥራ ነው።

ነጋዴውም ቢሆን ሒሳቡን በጥንቃቄ ቢሠራ የዝግተኛው እንግዳ ወዳጅ ይሆናል። በትልቅ አውቶቡስ የመጣ ጐብኚ በአንድ ሰዓት ፎቶግራፍ አንሥቶ ይሄዳል፤ ቢስክሌተኛው ግን ይርበዋል፥ ይጠማዋል፥ ጎማውም ይተነፍስበታል፤ ሲመሽም የግድ በደረሰበት ያድራል። ገንዘቡ በዋናው ከተማ አይከማችም፤ ለመንደሩ ሻይ ቤት፥ ለጠጋኙና ለአልጋ አከራዩ ይከፋፈላል። ነገር ግን እንግዳው የመጣው ስፍራው ስለ ተከበረ ነው። መቃብሩን መቀለጃ ያደረገ ነጋዴ የራሱን የገቢ ምንጭ ያደርቃል።

ይህ ሁሉ ስለ ሩቅ አገር የተነገረ ቢመስልም ከኤርትራ ጋራ የሚያገናኘው እውነተኛ ነገር አለ። አሥመራ ከ1946 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኤርትራ ዙሪያ ውድድር ጀምሮ የቢስክሌት ከተማ መሆኗ የታወቀ ነው። የዚያችም ከተማ ልጅ ቢንያም ግርማይ ማርች 27 ቀን 2022 ዓ.ም. ከኢፕር ተነሥቶ በነዚሁ የጦር ሜዳዎች መካከል ያለፈውን የኸንት ወደ ቬቨልኸም ውድድር አሸንፎ፥ ይህን ድል ያገኘ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ሆነ። የኤርትራ ስም በዚያ ሜዳ በፍጥነት ተጠርቷል ማለት ነው። የሚቀረው ቀስ ብሎ የሚማሩት ነገር ነው።

በከረን በ1941 ዓ.ም. እንግሊዞችና ሕንዶች ከጣሊያን ጦር ጋራ ብርቱ ውጊያ ተዋግተዋል፤ በጣሊያንም ወገን ብዙ ያገር ልጆች አስካሪ ሆነው ወድቀዋል። በከረን ባለው የጣሊያኖች መቃብር በብዙው ድንጋይ ላይ የሚነበበው «ያልታወቀ አስካሪ» የሚል ነው። ይህም የአንድ ወገን ጕድለት ብቻ አይደለም። የኮመንዌልዝ የጦር መቃብሮች ኮሚሽን በ2021 ዓ.ም. ባወጣው መግለጫ፥ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለእንግሊዝ መንግሥት ካገለገሉት መካከል ቢያንስ 116,000፥ ምናልባትም እስከ 350,000 የሚደርሱ ሰዎች፥ አብዛኛዎቹም የምሥራቅ አፍሪካና የግብፅ ሰዎች፥ በስማቸው ወይም ከነጭራሹ እንዳልታሰቡ አምኖ ይቅርታ ጠይቋል። በፍላንደርስ ለአንድ ተራ ወታደር ስሙ በድንጋይ ሲቀረጽለት፥ በአፍሪካ ለሞተው ተሸካሚና አስካሪ ቍጥሩ እንኳ በትክክል አልተያዘለትም።

ስለዚህ የጦርነት ታሪክ ያለው አገር ሁሉ እንግዳ መጥራት ቢፈልግ የሥራው ቅደም ተከተል ግልጽ ነው። አስቀድሞ ስም መሰብሰብ ያስፈልጋል፤ ይህም የሚሆነው የአያቶቻቸውን ስም የሚያስታውሱ ቤተ ሰቦች ሳሉ፥ በየአጥቢያውና በየመስጊዱ፥ በየወረዳውም መዝገብ ነው። ቀጥሎ መንገድና ምልክት፥ ከዚያም ማረፊያና ገበያ ይከተላሉ። ቅደም ተከተሉን ገልብጦ ከሆቴሉ የሚጀምር ሰው «የቸኰለች አፍሳ ለቀመች» እንደሚባለው ይሆንበታል። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል የሚለው ቃል እውነት የሚሆነው ስሙን የጻፈ ሰው የተገኘ እንደ ሆነ ነው። ያልተጻፈለትን ግን በቢስክሌትም ሆነ በእግሩ የሚያልፍ መንገደኛ ወርዶ ሊያነብለት አይችልም።