ቮልሷን የበላት ዝናብ አይደለም

ወዳጆቼ፣ መኪና ተሰጠኝ፡፡ አዎ፣ በነፃ! "እንኳን ደስ አለሽ" ለማለት ግን አትቸኩሉ፡፡ መጀመሪያ ታሪኩን ስሙኝ፤ ጨርሳችሁ ደስ ካላችሁ ያን ጊዜ ትሉኛላችሁ፡፡

ነገሩ የሆነው ባለፈው ገና ነው፡፡ እንደ ልማዳችን አባባ ቤት ተሰብስበናል (አያቴ ካረፉ 14 ዓመት ሆናቸው፤ ቤቱ ግን ዛሬም "አባባ ቤት" ነው)፡፡ ዶሮው ተበልቶ ቡናው ቶና ላይ ሲደርስ፣ የሁሉ ታላቅ የሆኑት አጎቴ ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠራረጉና "ቮልሷን ለዚህች ልጅ ሰጥተናል፡፡ ሥራ ይዛለች፤ ታክሲ ስትጋፋ ከምትውል አሠርታ ትንዳት" ብለው አወጁ፡፡ እልልታው ቀለጠ፡፡ አክስቴ ግንባሬን ሳመችኝ፡፡ ታናሽ ወንድሜ ቁልፉን ከእጄ ነጥቆ ፎቶ አነሳውና ቡናው በረካ ሳይደርስ ቴሌግራም ላይ ለጠፈው፡፡

እኔ ወደ ጓሮ ሮጥኩ፡፡ ሸራውን ገለጥኩ፡፡ በሩን ታግዬ ከፈትኩና እግሬን አስገባሁ…

ሣር ረገጥኩ፡፡

አዎ፣ መኪና ውስጥ ሆኜ ሣር! በሹፌሩ በኩል ወለል የሚባል ነገር የለም፡፡ የበሩ ታችኛው ጠርዝ እንደ ወንፊት ተበሳስቷል፡፡ የኋላ ወንበሩ ላይ አንዲት ድመት አራት ግልገሎቿን አስተኝታ "ምን ፈለግሽ?" በሚል ዓይን ታየኛለች፡፡ በሕግም በልማድም ከኔ የበለጠ የይዞታ መብት ያላት እሷ ናት፡፡

ከዚያን ቀን ጀምሮ የማውቀው ሰው ሁሉ በሁለት ጎራ ተከፈለ፡፡

"ነፃ ነው እኮ!" ባዮች

እነዚህ መኪና ኖሯቸው የማያውቁ ወዳጆቼ ናቸው፡፡ ክርክራቸው አጭር ነው፡፡ በነፃ ተገኝታለች፣ ትንሽ ጨምረሽ አሠሪያት፣ አበቃ፡፡ ከነሱ መሀል አዋቂ ነኝ የሚለው ደግሞ እንዲህ ይለኛል፡- "በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን ውድ አደረገው፡፡ በ2016 ደግሞ መንግሥት ከነጭራሹ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ከለከለ፡፡ ስለዚህ አገር ውስጥ ያለ ብረት ሁሉ ወርቅ ነው!"

ወንድሜ፣ አዋጁ ልክ ነው፤ ወርቁ ግን የሚነዳው መኪና ነው፡፡ ዝገት ነጋሪት ጋዜጣ አያነብም፡፡

አንድ የቮልስ መካኒክ ለምኜ ግቢ ድረስ አመጣሁ፡፡ ስልሳ ዓመት ያለፋቸው፣ እጃቸው እንደ ፒንሳ የጠነከረ ሰው ናቸው፡፡ (መጀመሪያ ላይ ሁሉንም ነገር የሚያስረዱት ለታናሽ ወንድሜ ነበር፡፡ ወንድሜ ካንዴላና ካልሲ የማይለይ መሆኑን ሲረዱ ወደ እኔ ዞሩ፡፡) ማግኔት በጨርቅ ጠቅልለው ቦዲው ላይ እያንሸራተቱ ሄዱ፡፡ ማግኔቱ ሲይዝ ላሜራ ነው፤ ወደ መሬት ሲወድቅ ስቱኮ ነው፡፡ ማግኔቱ ብዙ ጊዜ ወደቀ፡፡ ቀጥለው የኋላ ወንበሩን አነሱ፡፡ የቮልስ ባትሪ የሚቀመጠው እዚያ ሥር ነው፤ አሲዱ ለዓመታት ተንጠባጥቦ ከሥሩ ያለውን ብረት በልቶታል፡፡ ፍሬኑ ደርቋል፡፡ ታንከሯ ውስጥ የቀረው ቤንዚን ወደ ሙጫነት ተለውጧል፡፡ ጎማዎቹ የድርቅ መሬት መስለዋል፡፡

"ሞተሩ አያሳስብም፤ የቮልስን ሞተር የሚይዙት አራት ብሎኖች ናቸው፤ አውርጄ አየዋለሁ" አሉኝ፡፡ ከዚያ በእንብርክካቸው ገብተው በመኪናዋ መሀል የሚያልፈውን ወፍራም ብረት በካቻቢቴ አንኳኩ፡፡ ይሄ አከርካሪዋ ነው፤ እሱ ከሄደ ሁሉም ሄዷል፡፡ ድምፁ ጠንካራ ነበር፡፡ "እድለኛ ነሽ ልጄ፣ አልሞተችም፡፡ አንድ ክረምት ከጨመራችሁላት ግን እኔን እንዳትጠሪኝ፡፡"

ዋጋው? ባቲላሜራው፣ ቀለሙ፣ ወንበሩ፣ ሁሉም ተደምሮ 260 ሺህ ብር፡፡ ወለሉን፣ ፍሬኑንና ሞተሩን ብቻ ካስቀደምኩ ደግሞ 140 ሺህ፡፡ ለካሜራና ለላፕቶፕ ብዬ ሁለት ዓመት ያጠራቀምኩት ብር ስንት ይመስላችኋል? 140 ሺህ፡፡ ልክ ባንክ ደብተሬን አይተው የተመኑት ነው የሚመስለው!

"ለቁራሌው ስጫት!" ባዮች

ሁለተኛው ጎራ ዘመናዊው ነው፡፡ "በኤሌክትሪክ መኪና ዘመን የማን ጭስ ልትስቢ ነው? ቤንዚን በ2017 በሊትር መቶ ብር ሲያልፍ አላየሽም? ቁራሌው በኪሎ ይውሰዳት" ይሉኛል፡፡

ለነዚህም መልስ አለኝ፡፡ የኤሌክትሪክ መኪና ጥሩ ነው፤ ግዙልኝ፣ ነገ እነዳለሁ! ግን ቮልስን በኪሎ መሸጥ ስሌት አይደለም፡፡ ይቺ መኪና በዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ የተመረተች፣ የመጨረሻዋ እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ ከፋብሪካ የወጣች ናት፡፡ ዛሬም መለዋወጫ የሚሠሩላት ፋብሪካዎች በውጭ አገር አሉ፤ ነገር ግን በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ አንዲት ብሎን እንኳ የዋዛ አይደለችም፡፡ ሶማሌ ተራ ሄዳችሁ የቮልስ በር፣ ፍሬቻ፣ ካምቢዮ ጠይቁ፡፡ የሚያወጣውን ትሰሙና ቁራሌው ላይ ያላችሁ እምነት ይለቃችኋል፡፡ የኔዋ ቮልስ ባትድን እንኳን ሌሎች ሦስት ቮልሶች ታድናለች፡፡ ቀልጣ የቤት ክዳን ሚስማር ከምትሆን ያ ይሻላል፡፡

እስከዚህ ድረስ ጥያቄው የሒሳብ ይመስላል አይደል? እኔም እንደዛ መስሎኝ ነበር፡፡ ሊብሬውን እስክጠይቅ ድረስ፡፡

ሊብሬው

"ጋሼ፣ ሊብሬው የት ነው?" አልኩ፡፡ ቤቱ ጸጥ አለ፡፡ አክስቴ ስኒ ማጠብ ጀመረች (ስኒው ታጥቧል)፡፡

ሊብሬው በአባባ ስም ነው፡፡ በሟች ስም ያለ መኪና የሚዛወረው ወራሾች ፍርድ ቤት ቀርበው የወራሽነት ማስረጃ ሲያወጡና ሁሉም ሲስማሙ ነው፡፡ የአባባ ልጆች ሰባት ናቸው፡፡ አንዷ ዳላስ ናት፣ አንዷ ጅዳ፤ ሁለቱም ውክልና መላክ አለባቸው፡፡ አንደኛው አጎቴ ደግሞ በቤቱ ጉዳይ ተኳርፎ ገናም ፋሲካም አይመጣም፡፡ በ14 ዓመት ውስጥ ፍርድ ቤት የሄደ የለም፡፡ ቦሎ የለም፣ ሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ የለም፡፡ ጋሼ በእልልታ የሰጡኝ የሳቸው ያልሆነ ነገር ነው፡፡

ቆይቼ የሰማሁት ደግሞ የበለጠ አናደደኝ፡፡ አባባ ባረፉ በዓመቱ፣ ማለት በ2005፣ አንድ ጎረቤት መጥቶ "ሽጡልኝ" ብሎ ነበር፡፡ ያኔ ቮልሷ ትነሳለች፣ ወለሏም ሙሉ ነው፡፡ ሰባቱም ልጆች በየልባቸው መሸጥ ፈልገዋል፡፡ ግን ማን ቀድሞ ይናገር? ጋሼ "የአባቴን መኪና ሸጠ እንዳልባል" አሉ፡፡ አክስቴ "እኔ ሴቷ ቀድሜ እንዴት?" አለች፡፡ ዳላስ ያለችው "ውጭ ተቀምጣ ትወስናለች እንዳይሉኝ" ብላ ዝም አለች፡፡ ጎረቤትየው ሁለቴ ተመላልሶ ሌላ መኪና ገዛ፡፡ ለቮልሷ ሸራ ተገዛላት፡፡

እና ሸራው ምን እንዳደረገ ታውቃላችሁ? መካኒኩ ናቸው ያስረዱኝ፡፡ ብረት የሚዝገው ውሃና አየር ሲያገኘው ነው፡፡ የሚነዳ መኪና ይረጥባል፣ ይደርቃል፡፡ የቆመ መኪና ላይ ላስቲክ ሸራ ስትጥሉ ግን ከመሬት የሚነሳውን እርጥበት አፍናችሁ ትይዙታላችሁ፡፡ ክረምቱ ሲወጣ እንኳን ውስጡ አይደርቅም፡፡ ሊያከብሯት የሸፈኗት ሸራ ነው ቀን ከሌት ሲያዘግጣት የኖረው፡፡

ወገኖቼ፣ ቮልሷን የበላት ዝናብ አይደለም፡፡ ይሉኝታ ነው፡፡

ለአዲስ አበባ ልጅ ይሄ እንግዳ ታሪክ አይደለም፡፡ ሰፈራችሁን ዞር ዞር በሉ፡፡ በጎማ ፋንታ ድንጋይ ላይ የቆመች ላዳ፣ ጎኗ ላይ ልጆች ኳስ የሚያነጥሩባት ፔጆ፣ ቁጥቋጦ የበቀለባት ፊያት አታጡም፡፡ ከእያንዳንዷ ጀርባ እርስ በርስ የሚተያይ አንድ ቤተሰብ አለ፡፡ አንዳንድ መንግሥት መሥሪያ ቤት ግቢም ግቡ፤ መሥሪያ ቤቱ የሚቸገርበት መኪና ፊት ለፊት ቆሞ ይበሰብሳል፡፡ "ለምን አይወገድም?" ስትሉ "ኮሚቴ ተቋቁሞለታል" ይሏችኋል፡፡ ኮሚቴ ማለት ደሞዝ የሚከፈለው ይሉኝታ ነው፡፡ ቀድሞ ፈርሞ ነገ የሚጠየቅ ማን ነው? ዝገት ግን ፊርማ አይፈልግም፤ ቃለ ጉባኤ ሳይዝ ሥራውን ይሠራል፡፡

"ለአንቺ ቀላል ነው"

ይሄን ሁሉ ፊት ለፊት ስናገር ጋሼ ረጅም ጊዜ ዝም አሉና "ለአንቺ ቀላል ነው፡፡ አንቺ አባትሽን አልቀበርሽም" አሉኝ፡፡

እውነታቸውን ነው፡፡ ይሄ ዝም ብሎ የሚታለፍ ቃል አይደለም፤ እኔም ማታውን አልተኛሁም፡፡ ግን ጋሼ፣ እኔም ከቮልሷ ጋር ታሪክ አለኝ፡፡ ማንበብ የጀመርኩት ከኋላ ወንበሯ ላይ ተንበርክኬ የሱቅ ታፔላ ጮክ ብዬ እየጠራሁ ነው፤ አባባ ደግሞ ሳነብ እንዲደርስልኝ ፍጥነት ይቀንሱ ነበር፡፡ ሲያርፉ 12 ዓመቴ ነበር፡፡ ባለፈው ኪሷን ስከፍት መነጽራቸውን አገኘሁት፡፡ አለቀስኩ፡፡

አለቅሼ ስጨርስ ግን አንድ ነገር ጠየቅኩ፡፡ አባባ ቅዳሜ ቅዳሜ ቮልሷን በእጃቸው ያጥቡ ነበር፡፡ በሯ ሲጮህ እዚያው ዘይት ያጠጧታል፡፡ ጭቃ ላይ አያሳድሯትም፡፡ እሳቸው ዛሬ ተነስተው ጓሮ ቢሄዱ "ተባረኩ፣ አክብራችሁ አኖራችሁልኝ" ይሉናል? ወይስ ያፍሩብናል? ማስታወስ ማለት ዓይናችን እያየ ማበስበስ ከሆነ፣ መርሳት የሚሉት ነገር ምን የባሰ ያደርጋል?

ይህን ለሁላችንም ነው የምለው፡፡ እኛ አገር ውሳኔ ያልወሰደ ሰው ጨዋ ነው፤ የወሰደ ደግሞ ደፋር፡፡ ሸጠ የተባለ ስሙ ይነሳል፣ ያስበሰበሰ ግን አይነሳም፤ ምክንያቱም አስበሳቢው ሁላችንም ነን፡፡ ከዚያ የበሰበሰውን ለታናሽ እንሰጥና "ስጦታ" እንለዋለን፡፡ ስጦታ አይደለም፤ ያልወሰናችሁትን ውሳኔ ነው በቁልፍ መያዣ አንጠልጥላችሁ የሰጣችሁኝ፡፡ ካሠራኋት ዕዳው የኔ፤ ከጣልኳት "የአያቷን መኪና የጣለች" እኔ፡፡ እናንተ በሁለቱም በኩል ነጻ፡፡ ለካ "በነፃ" ያላችሁት ራሳችሁን ነው!

ስለዚህ ቁልፉን መለስኩ፡፡

በቤተሰቡ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ በትህትና ሦስት ምርጫ ጻፍኩ፡፡ አንደኛ፣ ሰባታችሁም ፈርሙና ስሟ ይዙርልኝ፤ እኔ 140 ሺህ ብሬን አወጣለሁ፣ ከዚያ በላይ አንድ ብር አልጨምርም፤ ቀለሙ ይቆየኝ፣ ድመቷንም በክብር እሸኛለሁ፡፡ ሁለተኛ፣ እንዳለች ለሚያሠራት ሰው ትሸጥ፣ ገንዘቡን ተካፈሉ፡፡ ሦስተኛ፣ ይሄም ካልሆነ ለመለዋወጫ ትፈታ፤ መሪዋ ጋሼ ሳሎን ይሰቀል፡፡ ሦስቱንም እቀበላለሁ፡፡ የማልቀበለው አራተኛውን ነው፡- ሸራውን መልሶ ማልበስ፡፡

መልስ? መጀመሪያ ዝምታ፡፡ ቀጥሎ አንድ አጎቴ "የዘመኑ ልጆች!" የሚል ድምፅ ላኩ፡፡ በሦስተኛው ቀን ዳላስ ያለችው አክስቴ "ልጅቷ ልክ ናት፤ ውክልናውን እልካለሁ" አለች፡፡ አንዷ እስክትናገር ነበር ለካ የሚጠብቁት፡፡ ጅዳ ያለችው በማግስቱ ተከተለች፡፡ ከዚያ ሁለቱ፣ ከዚያ አክስቴ (ባለ ስኒዋ)፡፡

አምስት ሆኑ፡፡ የቀሩት ያኮረፈው አጎቴና ጋሼ ናቸው፡፡ ኩርፊያውን እኔ ራሴ ሄጄ እለምናለሁ፡፡ ጋሼን ግን ባለፈው እሁድ ጓሮ አገኘኋቸው፡፡ ሸራውን ገፈው ፀሐይ ላይ አስጥተውታል፡፡ "እንዲደርቅ ነው" አሉኝ ሳያዩኝ፡፡

ሸራው ይደርቃል፡፡ ፊርማው ግን ገና ነው፣ ሰኔ ደግሞ ማንንም አይጠብቅም፡፡