ገና በ28 የሚውልበት ዓመት

በአራት ዓመት አንዴ፣ ኅዳር ሲጋመስ፣ «ዘንድሮ ገና በ28 ነው በ29?» የሚል ጥያቄ ከቤት ቤት ይዞራል። በ2016 ዓ.ም. ተጠይቋል፤ በ2020 ዓ.ም.ም ይጠየቃል፤ ሁለቱም ዘመነ ዮሐንስ ናቸውና። ብዙ ሰው መልሱን ከንስሐ አባቱ ወይም ከግድግዳው ካላንደር ካገኘ በኋላ ወደ ዶሮውና ወደ በጉ ሐሳብ ይመለሳል። እኔ ግን ያቺ በዓሉ ወደ ኋላ የሚሳብባት አንዲት ቀን የልደትን ምሥጢር ከረጅም ስብከት ይልቅ ታስረዳለች ባይ ነኝ። የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ልደትን የሚቆጥሩት ከመስከረም 1 ሳይሆን ከጽንሰቱ፣ ከመጋቢት 29 ተነሥተው ነው። ከዚያ እስከ ታኅሣሥ 29 ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን፣ ማለትም 275 ቀን ይሆናል። አምስቱ ቀን የጳጉሜን ናቸው። ዘመነ ሉቃስ ሲያልቅ ጳጉሜን ስድስት ትሆናለች፤ በሚከተለው ዘመነ ዮሐንስ ታኅሣሥ 29ን ሙጥኝ ብንል እመቤታችን ልጇን 276 ቀን ተሸከመች ማለታችን ነው። ስለዚህ የእርግዝናው ልክ እንዳለ ይቆይና በዓሉ ወደ 28 ይመጣል። ቀኑ ለእናቲቱ ቦታ ይለቃል።

«ይህ ኋላ የመጣ ትርጓሜ ነው፤ እውነተኛው ምክንያት የዩልዮስ አቆጣጠር ነው» የሚል ሰው ቢነሣ ሐሰት አልተናገረም። እኛ ትርፏን ቀን በጳጉሜን ስንጨምር በዩልዮስ አቆጣጠር የምትጨመረው በፌብሩዋሪ ነው፤ ገና በ28 ባይውል ኖሮ በዚያ ዓመት ከሩሲያና ከሰርቢያ ኦርቶዶክሶች በአንድ ቀን እንለያይ ነበር። ሁለቱም ስሌት ግን እዚያው ቀን ላይ ያደርሳል። የዩልዮሱ በዓሉ መቼ እንደሚውል ይነግረናል፤ የእርግዝናው ምን ስንጠብቅ እንደቆየን። ለምእመን የሚያስፈልገው ይልቁንም የእርግዝናው ነው፤ ከኅዳር 15 ጀምሮ ጾመ ነቢያትን የያዘ ሰው የሚጠብቀው የሚወለድ ልጅ ነውና።

ለዚህ ነው ገናን ከዓመት መለወጫ ጋር አንድ ላይ መጠቅለሉ የሚያሳስበኝ። በምዕራቡ ዓለም በሁለቱ መካከል ያለው ሰባት ቀን ብቻ ነው፤ ልደቱ ሒሳብ በሚዘጋበትና ዕቅድ በሚወጣበት ሰሞን ይዋጣል። እኛ ዘንድ ዓመቱ የሚዞረው ክረምቱ ሲወጣ፣ አደይ ሲፈነዳ፣ ንስሐን በሰበከው በቅዱስ ዮሐንስ ስም ነው። ራስን መመርመርና አዲስ ቃል መግባት የዚያን ጊዜ ነው። ገና የሚመጣው ከዚያ ወዲያ ወደ አራት ወር ገደማ ቆይቶ፣ አዝመራው ተሰብስቦ አውድማው በሚሞላበት በታኅሣሥ ብርድ ነው። ያኔ የሚጠበቅብን የተሰጠንን መቀበል ነው፤ ይህም ቃል ከመግባት ይከብዳል።

ከሁሉ የሚከብደኝ ተቃውሞ የሚመጣው ከአገር ውጭ ነው። በዋሽንግተን ወይም በስቶክሆልም ጃንዋሪ 7 የሥራ ቀን ነው፤ ወላጅ ፈቃድ ይለምናል፤ ልጁም የክፍል ጓደኞቹ ስጦታቸውን ከከፈቱ ሁለት ሳምንት ያህል አልፎታል። ይህን ልጅ በዲሴምበር 25 አትደሰት ማለት ጭካኔ ነው፤ ስሕተትም ነው። ከማርች 25፣ ከእነርሱ የብሥራት በዓል፣ እስከ ዲሴምበር 25 ቢቆጥር የሚያገኘው ያንኑ 275 ቀን ነውና። ወላጅ ሁለቱን ካላንደር ጎን ለጎን ዘርግቶ ከልጁ ጋር በጣት ቢቆጥር፣ ልጁ ሁለት ቦታ የተከፈለ መስሎት የነበረው በዓል የአንዲት እናት እርግዝና መሆኑን ያያል። የመጠበቁን ነገር ግን ከጎረቤት አያገኘውም፤ ያንን የሚያወርሰው ቤቱ ነው።

ይህ መጠበቅና መቀበል በላሊበላ በዓይን ይታያል፦ በገና ዕለት ካህናቱ በሁለት ተከፍለው ይቆማሉ፤ ከፊሉ ቤተ ማርያምን በከበበው አለት አፋፍ ላይ፣ ከፊሉ ታች በቅጥሩ ውስጥ። «ቤዛ ኵሉ» የተባለው ዝማሬ ከላይ ሲዜም ታች ያሉት ቀና ብለው ይቀበላሉ፤ በመካከላቸው ያለችው በእናቱ ስም የተፈለፈለችው ቤተ ክርስቲያን ናት።