«ተሰራጭቷል» ሲባል፦ ከፍተኛ ደረጃ ላይ ስለደረሰ የጡት ካንሰር

በአገራችን ሴቶችን ከሚያጠቁ የካንሰር ዓይነቶች የጡት ካንሰር ቀዳሚውን ስፍራ ይይዛል። አብዛኞቹ ታካሚዎች ወደ ሆስፒታል የሚመጡት ሕመሙ ሦስተኛ ወይም አራተኛ ደረጃ ላይ ከደረሰ በኋላ ነው። ብዙ ቤተሰቦች ሁለቱን ደረጃዎች አንድ አድርገው በመመልከት ተስፋ ይቆርጣሉ፤ ልዩነታቸው ግን ሰፊ ነው።

በሦስተኛው ደረጃ ዕጢው ወደ ጡት ቆዳ ወይም ወደ ደረት ግድግዳ ቢዘልቅም፣ በብብት ሥር ወዳሉ ንፍፊቶች ቢገባም ወደ ሩቅ አካል አልተሻገረም። ስለሆነም በኬሞቴራፒ፣ በቀዶ ሕክምናና በጨረር ለማዳን ይሞከራል። በአራተኛው ደረጃ የካንሰሩ ሕዋሳት በደምና በሊምፍ ሥሮች ተጉዘው በአጥንት፣ በሳንባ፣ በጉበት ወይም በአንጎል ይቀመጣሉ። በዚህ ጊዜ «ደግሞ የአጥንት ካንሰር ያዛት» ሲባል ይሰማል። በአጥንቱ ውስጥ ያደገው ግን ያው የጡት ካንሰር ስለሆነ ሕክምናውም የጡት ካንሰር ሕክምና ነው። በናሙና ምርመራ ዕጢው ለሆርሞን ምላሽ የሚሰጥ ሆኖ ከተገኘ እንደ ታሞክሲፈን ያለ በየቀኑ የሚዋጥ መድኃኒት ሊታዘዝ ይችላል። ሕመሙን ፈጽሞ ማጥፋት ባይቻልም ዕድሜን ማራዘምና ስቃይን ማስታገስ ይቻላል።

ለመዘግየቱ አንዱ ምክንያት «ካንሰር ብረት ከነካው ይሰራጫል» የሚለው አባባል ነው። አባባሉ ከባዶ የመነጨ አይመስልም፤ ዘግይተው የመጡ ሕሙማን ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ብዙም ሳይቆዩ ሲያርፉ ያየ ሰው ጥፋቱን በቢላዋው ላይ ቢጥል አያስደንቅም። ሕመሙ ግን አስቀድሞ ተሰራጭቶ ነበር። በመርፌ ናሙና መውሰድ ካንሰርን ወደ ሩቅ አካል አያሰራጭም።

ሁሉንም በአመለካከት ማሳበብም አይገባም። የጨረር ሕክምና ለረጅም ዓመታት በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ይሰጥ ስለነበር ከሩቅ ለሚመጡ ታካሚዎች መንገዱና ወረፋው ከባድ ነበር፤ አገልግሎቱ ጅማን ወደመሳሰሉ ከተሞች መስፋፋቱ እፎይታ ቢሆንም ፍላጎቱ ገና አልተሟላም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ይፋ ባደረገው መርሐ ግብር ታካሚዋ ወደ ጤና ተቋም ከመጣችበት ዕለት አንሥቶ በ60 ቀናት ውስጥ ምርመራው እንዲጠናቀቅ ይመክራል።

በጡት ወይም በብብት ሥር እብጠት፣ የቆዳ መሰርጎድ፣ የጡት ጫፍ ወደ ውስጥ መግባት ወይም ደም መፍሰስ ካዩ፣ ሕመም ባይሰማዎትም፣ በአቅራቢያዎ ወዳለ ጤና ጣቢያ ሄደው ይመርመሩ፤ አስፈላጊ ሲሆን ሪፈር ይጻፍልዎታል። ጠበል የሚጠመቁ ታካሚዎችም መድኃኒታቸውን አያቋርጡ። ቀደም ሲል ለጡት ካንሰር የታከሙ እናቶችና እኅቶች የማይለቅ የጀርባ ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የዓይን ቢጫ መሆን ወይም የማያቋርጥ ራስ ምታት ከገጠማቸው የቀጠሮ ቀን ሳይጠብቁ ሐኪማቸውን ያማክሩ፤ እግር በድንገት ከዛለ ወይም ሽንት መቆጣጠር ካቃተ ግን በዚያው ዕለት ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል መሄድ ያስፈልጋል።