ለዓሣ ቤት ቁመት ወይስ ስፋት?

በሐዋሳ፣ በመናኸሪያ ክፍለ ከተማ አንዲት ክፍል ለተከራየ ወጣት ሠራተኛ፣ ጥግ ይዞ ቀጥ የሚል የመስተዋት የዓሣ ገንዳ ዓይን ይስባል፤ ቦታም ይቆጥባል። አንባቢ ሆይ፤ ኪስዎን ከመክፈትዎ በፊት ግን ስለ ዓሣው እስትንፋስ ጥቂት ያስቡ።

ውሃ ከአየር ኦክሲጅን የሚያገኘው በገጹ በኩል ነው። 80 ሳንቲ ሜትር ርዝመት፣ 40 ወርድና 30 ቁመት ያለው ገንዳ 96 ሊትር ይይዛል፤ የውሃው ገጽም 3,200 ካሬ ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ይኸው ልክ 80ው ወደ ላይ ሆኖ ቢሠራ ግን ገጹ 1,200 ብቻ ነው። እንደ ብርሌ ሆዱ ሰፍቶ አፉ የጠበበውም ከዚህ አይሻልም።

ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስላለች አየሯ ስስ ነው፤ ወደ ውሃው የሚገባውም ኦክሲጅን በዚያው ልክ ያንሳል። የባሕር ዓሣ ለማርባት ካሰቡ ደግሞ በሊትር 35 ግራም ያህል ጨው ያለበት ውሃ፣ ጨው ከሌለው ይልቅ ኦክሲጅን የመያዝ አቅሙ ያነሰ ነው። አየር የሚነፋ መሣሪያ አለ ይሉ ይሆናል፤ መብራት በጠፋበት ሌሊት ግን ለዓሣው የሚደርስለት የገንዳው ስፋት ብቻ ነው።

ውሃው ብቻውን ኩንታል ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነውና ጠረጴዛውንም አስቀድመው ይፈትኑ።

ዓሣ ግማቱ ከአናቱ ይባላል፤ የቤት ዓሣ መከራ ግን ከገንዳው ነው። እንግዲህ ዝቅ ብሎ ሰፋ ያለውን ይምረጡ። ቤቱ ካልበቃ ግን እሑድ ወደ ሐይቁ ወረድ ብሎ ማየት፣ በጠባብ ገንዳ ነፍስ ከማጥፋት ይሻላል።