ቀለሙን ለሚያሰሉ

የምዕራብ አፍሪካው ትንሽ ዘንዶ ዛሬ በአሜሪካና በአውሮፓ በየሰው ቤት ይረባል። አርቢዎቹም መንዴል በ1866 እ.ኤ.አ. በአተር ያሳየውን ሕግ ይዘው የልጆቹን ቀለም አስቀድመው ያሰላሉ። የአልቢኖን ዘር በስውር የያዙ ሁለት ወላጆች ቢገናኙ፥ እያንዳንዱ እንቁላል አልቢኖ የመሆን ዕድሉ ከ4 አንድ ነው። ስሌቱን አልነቅፍም። ነገር ግን «ሸረሪት» የተባለው መልክ ከአንድ ወላጅ ብቻ ቢመጣ እንኳ ከልጆቹ ግማሽ ያህሉ ይወርሱታል፤ ከመልኩም ጋራ የራስ መንቀጥቀጥና ሚዛን ማጣት ይወረሳል። አርቢው ይህን ያውቃል፤ ገዢው ግን መልኩን ወድዶ ይከፍላል። ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ ሕመሙን እያወቁ ማዳቀል ዕውቀት ይባላልን? ቀለሙን ማስላት የቻለ ሰው «ሥቃዩን አላወቅሁም» ብሎ ሊያመካኝ አይችልም። ስለዚህ ይህን መልክ ማርባት ይቅር!