በባል አፍ የሚነገር ሶማልኛ

ሀርጌሳ ውስጥ ከሶማሌ ቤተሰብ ጋር በጋብቻ ከተዛመዱ አማርኛ ተናጋሪዎች አንደበት የማይጠፋ አንድ አባባል አለ፤ «እኔና ባለቤቴ ከተግባባን ሶማልኛው ምን ያደርግልኛል?» የሚል። አባባሉ ሲሰሙት ልከኛ ይመስላል፤ ሲመረምሩት ግን ንቀት ያደረበት ነው። ጋብቻ ሁለት ሰዎችን ብቻ ሳይሆን ሁለት ቤቶችን እንደሚያስተሳስር በኢትዮጵያም ሆነ በሶማሌላንድ ያደገ ሰው ሁሉ ያውቃል። ከአማቷ ጋር ከሰላምታ ያለፈ ቃል የማትለዋወጥ ምራት ቤት ገባች እንጂ ቤተሰብ አልሆነችም።

«ባለቤቴ ያስተረጉምልኛል» የሚለው ምክንያት የትርጉምን ጠባይ ካለማወቅ የመጣ ነው። በእናቱና በሚስቱ መካከል የቆመ ወንድ ገለልተኛ አስተርጓሚ ሊሆን ከቶ አይችልም። የእናቱን ተግሣጽ ያለዝባል፤ የሚስቱን ቅሬታ ይውጣል፤ ቀልዱንም «ተይው፣ በአማርኛ አያስቅም» ብሎ ያልፈዋል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ለሰላም ሲል ነው። ውጤቱ ግን ሁለቱ ሴቶች ዓመታት አብረው ኖረው ሳይተዋወቁ መቅረታቸው ነው።

ሌሎች ደግሞ «እነርሱ አማርኛ ይችሉ የለም ወይ?» ይላሉ። እርግጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1988 የዚያድ ባሬ ጦር ሀርጌሳን በአውሮፕላንና በመድፍ ሲደበድብ በመቶ ሺሕዎች የሚቆጠር ሕዝብ ወደ ኢትዮጵያ ተሰዶ በሀርትሼክና በሌሎች መጠለያ ጣቢያዎች ኖሯል። ከተመላሾቹ መካከል አማርኛ የለመዱ አሉ። ታዲያ አንዲት እናት በገዛ ቤቷ ለምራቷ ምቾት ስትል በስደት ዘመን በለመደችው ቋንቋ እንድትናገር መጠበቅ ፍትሕ ነውን?

ቋንቋውን የማያውቅ ሰው የዝምድናውን ካርታም አያውቅም። አማርኛ የአባትንም የእናትንም ወንድም «አጎት» ይላል። ሶማልኛ ግን የአባትን ወንድም «አዴር»፣ የእናትን ወንድም «አብቲ» ይላል፤ የአባት እህት «ኤዶ»፣ የእናት እህት «ሀበርየር» ናት። የዘር ሐረግ በአባት ወገን በሚቆጠርበት ኅብረተሰብ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። ማን በማን ጉዳይ እንደሚመክርና ማን እንደሚሸመግል ለመረዳት መነሻው ይኸው ነው።

«ጉሮሮዬ እምቢ አለኝ» የሚለው ሰበብ ደግሞ ይበልጥ አስገራሚ ነው። ሐ እና ዐ በግእዝ የየራሳቸው ድምፅ ነበራቸው፤ በአማርኛ ከሀ እና ከአ ጋር ተቀላቅለው በጽሑፍ ብቻ ቀርተዋል። ሶማልኛ ግን ሁለቱንም ድምፆች ዛሬም ይናገራቸዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1972 የላቲን ፊደል በይፋ ሲቀበልም ለየብቻ ምልክት ሰጥቷቸዋል። ወተት «ዓኖ» ነው፤ ሔዋንም «ሓዎ» ናት። አማርኛ አንባቢ የእነዚህን ድምፆች ፊደል ከልጅነቱ ጀምሮ ሲጽፍ ኖሯል፤ የሚቀረው ድምፁን መለማመድ ብቻ ነው። ለዚህም ከአማት የተሻለ መምህር አይገኝም፤ ማዕድ ቤቱ፣ ገበያውና የጎረቤት ቡና ሁሉ የትምህርት ክፍል ናቸው።

ይህን ዛሬ ችላ ያለች እናት ዋጋውን ነገ በልጆቿ ትከፍላለች። ልጆቹ ከአያታቸው ጋር በሶማልኛ ሲጫወቱ፣ ሲሳሳቁና ሲመካከሩ እርሷ ዳር ቆማ «ምን አለች?» ትላለች። ያን ጊዜ አስተርጓሚዋ ባሏ ሳይሆን የሰባት ዓመት ልጇ ይሆናል፤ ሕፃኑም ለእናቱ የሚነግራትንና የሚደብቃትን እርሱው ይመርጣል።